ያመለከትኩበትን ሥራ በምን ልያዘው?

ጥያቄ፦ ሰላም፣ እስቲ እህታችሁን አግዙኝ። ሐዋሳ ነኝ፣ አካውንቲንግ ጨርሼ ሥራ እየፈለግሁ ነው። ማስታወቂያ በቴሌግራምም በኢትዮጆብስም አያለሁ፣ ስክሪንሹት አነሳና እረሳዋለሁ። ባለፈው ተደውሎልኝ ለየትኛው ቦታ እንዳመለከትኩ ጠፋብኝ፣ በጣም ነው ያፈርኩት።

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ። እኔ ጉግል ሺትስ (ሠንጠረዥ መሥሪያ አፕ) ነው የምጠቀመው። ድርጅቱን፣ የሥራ መደቡን፣ ያመለከትኩበትን ቀንና የላክሁትን ሲቪ እሞላለሁ። ኔትወርክ ሲጠፋም እንዲከፈትልሽ ኦፍላይን የሚለውን አስቀድመሽ አብሪው። የማስታወቂያውን ጽሑፍ ኮፒ አድርገሽ እዚያው ለጥፊው፣ ቻናሉ ላይ ሊያጠፉት ይችላሉ።

መልስ፦ የመዝጊያ ቀኑን ስልክሽ ካላንደር ላይ ከሁለት ቀን በፊት እንዲያስታውስሽ አድርጊ። በኢትዮጵያ ነው በፈረንጅ አቆጣጠር የሚለውን ግን አጣሪ፣ እኔ በዚህ ምክንያት አንድ ጥሩ ቦታ አምልጦኛል። ለምዝገባ ብር ላኪ ካሉሽ ደግሞ እለፊው።

ጠያቂዋ፦ ኑሩልኝ! 14 ስክሪንሹት አለኝ፣ ዛሬ ማታ ቁጭ ብዬ አስገባዋለሁ።