ከአዳራሹ ጀርባ ምን እንትከል? ለእሁዱ ስብሰባ የሚቀርብ የጋራ ሐሳብ

ፀሐፊ፦
ሰላም ጎረቤቶች። ከአዳራሹ ጀርባ ስላለው ጥላ ቦታ አንድ ሐሳብ ይዘን እንግባ። እስካሁን የቀረበው ሳርኮኮካ ነው። ቅጠሉ የማይረግፍ ቁጥቋጦ ነው፤ አገሩ ቻይናና ሂማላያ። አውሮፓ ውስጥ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያብባል። አበባው ደቃቃ ነው፣ መዓዛው ግን ከሩቅ ይጠራል። ለዚህ ነው በር አጠገብ የሚተክሉት።

ብሎክ 2፦
ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ኮንፉሳ የሚባለው ዓይነት ቀስ እያለ እስከ 2 ሜትር ይደርሳል። አጭር ከፈለጋችሁ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚቀረውም አለ። መቀስ እምብዛም አይፈልግም። እኛ ጋ ሱሉልታ ግን የሚያብብበት ጊዜ በጋ ነው፤ ውኃ ማጠጣት ግድ ይላል።

የጥጉ ቤት፦
ጋሼ፣ ቦታውን በግንቦት አይተውታል? ያ ግድግዳ ፊቱ ወደ ሰሜን ነው። በታኅሣሥ ፀሐይ በደቡብ ስለምትሄድ ጥላ ነው፣ እውነትዎን ነው። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ግን ቀትር ላይ በሰሜን በኩል ናት። ሐምሌና ነሐሴ ደመና ያድነናል። ግንቦት ላይ ግን ቀጥታ ያገኘዋል። የባህር ዛፉን ጥላም አይቁጠሩት፤ ከሥሩ ያለውን ውኃ ቀድሞ የሚመጠው እሱ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦
ችግኙ ከየት ነው የሚመጣው?

ብሎክ 2፦
የእህቴ ልጅ ለገና ትመጣለች። ቅርንጫፍ ቆርጣ በሻንጣ ብታመጣልንስ?

ፀሐፊ፦
እሱማ አይሆንም ጋሼ። ሕያው ተክል ለማስገባት ከግብርና ባለሥልጣን ፈቃድ፣ ከተነሣበት አገር ደግሞ የተክል ጤና ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። ዝም ብሎ ወረቀት ማብዛትም አይደለም። ሳርኮኮካ ቡክሰስ ለሚባለው የአጥር ቁጥቋጦ ዘመድ ነው፤ የቡክሰስን ቅጠል የሚያራግፈው ፈንገስ እሱንም ይይዛል። በሽታ አስገብተን መላ ሱሉልታን እንዳናስለቅስ።

ዋናው በር፦
ፍሬውስ? ጥቁር ነው ይላሉ። ልጆቹ አጋም መስሏቸው ይቅሙታል እኮ! ከሆነ አይቀር ራሱን አጋምን ለምን አንተክልም? አበባው ያውዳል፣ ፍሬው ይበላል፣ እሾሁ ሌባ ይመልሳል።

የጥጉ ቤት፦
እትዬ፣ አጋም ፀሐይ ይሻለዋል፤ በአጥሩ በኩል ይሁን። ለጥላው እኔ ቀጨሞ የሚባለውን ቁጥቋጦ ነው የምለው። መናገሻ ሱባ የሄደ ሰው ከጽዱ ሥር አይቶታል። ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው። ለአፍንጫ ግን ምንም አይሰጥም። መዓዛውን ጠምበለል ይወጣልን፤ ሐረግ ስለሆነ ግድግዳው ላይ ሽቦ ከወጠርንለት ይበቃዋል። ቡና ደግሞ ማንም እንዳያነሣብኝ። የኅዳር ውርጭ ይጨርሰዋል።

ፀሐፊ፦
በቃ፣ ረቂቁን እንዲህ አድርጌዋለሁ። «ጥላው ቦታ በቀጨሞና በጠምበለል፣ ፀሐያማው አጥር በአጋም ይልማ። ተከላው ሐምሌ ላይ ይሁን። አፈሩ መረሬ ስለሆነና ውኃ ስለሚተኛበት መደቡ ከፍ ይበል፤ ቀይ አፈርና ብስባሽ ይጨመርበት። ችግኙን ከየት እንደምናገኝ ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል እንጠይቅ። ሳርኮኮካ በሕጋዊ መንገድ ከተገኘ ጥቂት እግር በምሥራቁ ጥግ ይሞከር፤ ፍሬው እንደማይበላ ምልክት ይደረግ።»

ብሎክ 2፦
ተስማምቻለሁ። «ከተገኘ» የሚለው ላይ ግን አፈላላጊው እኔ መሆኔ ይጻፍ። አለዚያ ተረስቶ ይቀራል።

ዋናው በር፦
በጋውን ማን ነው የሚያጠጣው? እሱም ይጻፍ። ተከላ ቀንማ ሁሉም አለ።

ፀሐፊ፦
በየብሎኩ ተራ ይሁን? ከጥቅምት እስከ ሰኔ። ተቃውሞ ያለው እስከ ዓርብ ይናገር።

ገንዘብ ያዥ፦
ተቃውሞ የለኝም፤ ብር ግን አልለቅም። የኋላው አጥር ክፍት ነው። ያለፈውን ችግኝ ማን እንደጨረሰው ታውቃላችሁ፤ በጎቹ ዛሬም እዚያው ናቸው።

ፀሐፊ፦
ልክ ነሽ። «በቅድሚያ አጥሩ ይደፈን» ብዬ ከላይ አስገብቻለሁ። ትርፍ ሽቦ ያለው ቤት ይንገረን።