የውጤት ልዩነት የሚመጣው ከቤት ነው ወይስ ከትምህርት ቤት?

ክርክር ከፋች፦
አንድ ወዳጄ «በእንግሊዝ የቻይናና የህንድ ተወላጆች ልጆች ፈተና ላይ ከፊት የሚሰለፉት፣ የካሪቢያን ጥቁሮች ልጆች ወደ ኋላ የሚቀሩት በባህላቸው ነው፤ አለቀ» አለኝ። እኔ ግን አላለቀም ባይ ነኝ። እናንተስ?

«ቤት ይቀድማል» ባይ፦
ወዳጅህ ብዙም አልተሳሳተም። አሜሪካ ውስጥ የሶሺዮሎጂ ምሁሩ የጄምስ ኮልማን ቡድን እ.ኤ.አ. በ1966 ወደ 600,000 ተማሪዎችን አጥንቶ ያገኘው ይህንኑ ነው። ከትምህርት ቤቱ ሀብት ይልቅ የቤተሰብ ሁኔታ ይወስናል። ማታ ደብተሩን የሚያይለት ሰው ያለው ልጅና የሌለው ልጅ እኩል አይደሉም። ይህን መናገር ዘረኝነት አይደለም።

ሶሺዮሎጂ ያስተማርኩ፦
ወንድሜ፣ ኮልማን «የቤተሰብ ሁኔታ» ሲል የወላጅን ኑሮና ትምህርትም ይጨምራል። አንተ ባህል አደረግከው። ድህነት ባህል አይደለም!

ባህል ብቻውን ቢወስን ኖሮ የባንግላዴሽ ተወላጆችን ምን እንላቸዋለን? እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ እንግሊዝ ውስጥ ውጤታቸው ከጭራዎቹ ተርታ ነበር። ምክንያቱ ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ አለመነገሩ፣ ወላጆች አለመማራቸው ነው ይባል ነበር። ዛሬ በአማካይ ከነጭ እንግሊዛውያን ይበልጣሉ። በሠላሳ ምናምን ዓመት ባህላቸውን ጣሉ እንዴ? አልጣሉም። ብዙዎቹ የሚኖሩባት የለንደን ትምህርት ቤቶች ግን በዚያው ጊዜ በጣም ተሻሽለዋል።

ናይጄሪያ የተወለደው አንትሮፖሎጂስት ጆን ኦግቡም ኮሪያውያንን አነጻጽሯል። በጃፓን ቅኝ ግዛት ዘመን ወደ ጃፓን የተወሰዱት ተናቁ፣ በትምህርትም ወደ ኋላ ቀሩ። ወደው አሜሪካ የገቡት ጎበዝ ተባሉ። ሕዝቡ ያው ነው። አመጣጡና አቀባበሉ ነው የተለያየው።

«ቤት ይቀድማል» ባይ፦
ስለ ባንግላዴሾቹ መልስ የለኝም፣ እውነቱን ልናገር። ግን እዚያው እንግሊዝ ትምህርት ቤት ምሳ በነፃ የሚሰጣቸው ድሃ ነጭ ልጆችም እኮ ውጤታቸው ከዝቅተኞቹ ነው። እነሱንስ ማን ናቃቸው?

ሶሺዮሎጂ ያስተማርኩ፦
ጥሩ ጥያቄ። እዚያ ላይ የሚናገረው መደብ ነው። ዘርና መደብ ተደራርበው ስለሚመጡ አንዱን ብቻ ይዞ መከራከር አያዋጣም።

የሒሳብ መምህር፦
እናንተ ስለ ሕዝብ ታወራላችሁ፣ እኔ ስለ አንድ ወረቀት ልንገራችሁ። እንግሊዝ ውስጥ ልጆች በ16 ዓመት ገደማ የሚቀመጡት የጂሲኤስኢ ሒሳብ ፈተና ሁለት ዓይነት ነው፦ ቀለል ያለው ፋውንዴሽንና ከበድ ያለው ሃየር። ውጤቱ ከ1 እስከ 9 ነው። ፋውንዴሽን የተቀመጠ ልጅ ሁሉንም ጥያቄ ቢመልስ እንኳ ከ5 አያልፍም። የትኛውን እንደሚቀመጥ የሚወስነው ትምህርት ቤቱ ነው።

ስም ዝርዝር ዘርግተን ስንደለድል ተቀምጫለሁ። ነጥባቸው እኩል የሆነ ሁለት ልጆች ነበሩ። አንዱ «ይሠራል» ተባለ። ሌላው «ይረብሻል»። ይረብሻል የተባለው ጥቁር ነበር፤ ፋውንዴሽን ገባ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረም። እኔም ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

ሶሺዮሎጂ ያስተማርኩ፦
እዚህ ላይ ነው በልጅ ላይ ስም የመለጠፍ ጉዳይ የሚመጣው። የግሬናዳው ተወላጅ መምህር በርናርድ ኮርድ እ.ኤ.አ. በ1971 የጮኸው በዚሁ ነው። የካሪቢያን ልጆች «አእምሯቸው ዘገምተኛ ነው» እየተባሉ ከቁጥራቸው በላይ ወደ ልዩ ትምህርት ቤቶች ይላኩ ነበር። መጀመሪያ ስም ይወጣል፣ ቀጥሎ ቀለል ያለ ትምህርት ይሰጣል፣ መጨረሻ ላይ ዝቅተኛው ውጤት «አላልኳችሁም?» ያሰኛል።

የሦስት ልጆች እናት፦
መምህር፣ የጻፉትን ሳነብ ሆዴ ተላወሰ። የእኔም ልጅ ፋውንዴሽን ነው የተመደበው። «ለእሱ ይሻለዋል» አሉኝ፣ አመስግኜ ወጣሁ። ምን ማለት እንደሆነ የነገረኝ የለም። ማታ ማታ አብሬው እቀመጣለሁ እኮ!

«ቤት ይቀድማል» ባይ፦
እህቴ፣ እኔ ስለ ቤት ስናገር እንደ እርስዎ ያለውን ወላጅ አላሰብኩም ነበር። ይቅርታ።

የሒሳብ መምህር፦
ለፈተና ካልተመዘገበ አልረፈደም። የክፍል ፈተና ነጥቦቹን በጽሑፍ ይጠይቁ። በዚያው ነጥብ ሃየር የገባ ሌላ ልጅ እንዳለም ይጠይቁ። ቢፈልጉ የሚጠይቁትን ደብዳቤ አብረን እንጻፈው።

የሦስት ልጆች እናት፦
እፈልጋለሁ። ዛሬ ማታ ይመችዎታል?