ጄሲ ኦወንስ በርሊን መሄዱ ትክክል ነበርን?

አወያይ፦ ጥቁሩ አሜሪካዊ አትሌት ጄሲ ኦወንስ እ.ኤ.አ. በ1936 በበርሊን ኦሊምፒክ በ100 ሜትር፣ በ200 ሜትር፣ በርዝመት ዝላይና በዱላ ቅብብል አራት የወርቅ ሜዳሊያ አግኝቷል። ለክርክር የቀረበው ጥያቄ ግን ከድሉ በፊት ያለውን ይመለከታል፤ አይሁዳውያንን ከዜግነት መብት ያገለለው የሂትለር የናዚ መንግሥት ባዘጋጀው ውድድር መሳተፍ ነበረበትን? ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጥቀስ።

የመጀመሪያው ተከራካሪ፦ መሄድ አልነበረበትም። ኦወንስ ራሱ በ1935 መገባደጃ በሬዲዮ ቀርቦ፣ በጀርመን በአናሳ ወገኖች ላይ አድልዎ የሚፈጸም ከሆነ አሜሪካ ከውድድሩ መውጣት አለባት ሲል ተናግሮ፣ አሠልጣኙ ላሪ ስናይደር ከመከሩት በኋላ ነው ሐሳቡን የለወጠው። የአሜሪካ አማተር አትሌቲክስ ኅብረት በዚያው ዓመት ያለመሳተፍን ሐሳብ የጣለው በጠባብ የድምፅ ልዩነት ስለነበር፣ ያን ጊዜ ስሙ የገነነ ሯጭ በቃሉ ቢጸና ኖሮ ውጤቱ ሌላ ሊሆን ይችል ነበር። አዲስ አበባን ከያዘች ሦስት ወር ያልሞላት ጣሊያንም በዚያው ስታዲየም በክብር መሰለፏን እዚህ ላይ ሳላነሳ አላልፍም።

ሁለተኛዋ ተከራካሪ፦ ወንድሜ፣ እርስዎ ሸክሙን ሁሉ የጫኑት በአንድ የ22 ዓመት ወጣት ላይ ነው። አላባማ ውስጥ ከእኩል አራሽ ቤተሰብ የተወለደው ይህ ልጅ፣ በግንቦት 1935 አን አርበር ላይ በ45 ደቂቃ ውስጥ ሦስት የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሮ አንዱን ሲስተካከል፣ የሚማርበት የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በጥቁርነቱ ምክንያት በግቢው ማደሪያ አያስተናግደውም ነበር። በገዛ አገሩ በር የተዘጋበትን ሰው፣ ስለ ሌላ አገር በደል ብቸኛውን የተከፈተ በር በፈቃድህ ዝጋ ማለት ይከብዳል። ደግሞም የ1940ውና የ1944ቱ ኦሊምፒክ በጦርነት ምክንያት ስለተሰረዙ፣ በ1936 ቢቀር ኖሮ በኦሊምፒክ መድረክ ጭራሽ አናየውም ነበር።

የመጀመሪያው ተከራካሪ፦ ሁለቱ ኦሊምፒኮች እንደሚሰረዙ በ1935 ማንም አያውቅም ነበር፤ ስለዚህ ያን ጊዜ ለተደረገው ውሳኔ ምክንያት ሊሆን አይችልም።

ሦስተኛው ተከራካሪ፦ እኔን የሚያስጨንቀኝ «ድሉ የናዚዎችን የዘር ትምህርት አፈረሰ» የሚለው የተለመደ አባባል ነው። በወርቅ ብዛት አንደኛ የወጣችው ጀርመን ነበረች፤ አዘጋጆቹም ያሰቡትን የገጽታ ግንባታ አግኝተዋል። በዱላ ቅብብሉ ደግሞ ማርቲ ግሊክማንና ሳም ስቶለር የተባሉ ሁለት አይሁዳውያን ሯጮች በመጨረሻው ሰዓት ሲወጡ፣ ውሳኔው የሂትለር ሳይሆን የአሜሪካ ቡድን ኃላፊዎች ነበር። ኦወንስ «እኔ የድርሻዬን አግኝቻለሁ፣ እነርሱ ይሩጡ» የሚል ሐሳብ ቢያቀርብም የሰማው አልነበረም። አራተኛው ወርቅ እንዲህ የመጣ መሆኑን እያወቅን በርሊንን የዘረኝነት ሽንፈት ብቻ አድርገን ማቅረባችን ለታሪክ ታማኝነት አይደለም።

ሁለተኛዋ ተከራካሪ፦ እዚህ ላይ እስማማለሁ፤ ይህ ግን ለእኔ ክርክር ይረዳል እንጂ አይጎዳም። ከድሉ በኋላ የአውሮፓውን የትርኢት ጉዞ አቋርጦ ወደ አገሩ ሲመለስ ያገደው ያው የአማተር ኅብረት ነው፤ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልትም የደስታ መልእክት አልላኩለትም። ለእንጀራ ሲል ከፈረስ ጋር እስከ መሮጥ ደረሰ። መንግሥቱ የነፃነት ሜዳሊያ የሰጠው በ1976፣ ከአርባ ዓመት በኋላ ነው። ለአገሩ ቡድን ሲል ሄደ ብለን ስንወቅሰው፣ ቡድኑ ምን እንደመለሰለትም አብረን እንጠይቅ።

ሦስተኛው ተከራካሪ፦ በ1968 በሜክሲኮ ኦሊምፒክ ጥቁሮቹ አሜሪካውያን ሯጮች ቶሚ ስሚዝና ጆን ካርሎስ ዘረኝነትን በመቃወም በሽልማት መድረክ ላይ ጡጫቸውን ሲያነሱ ኦወንስ ድርጊታቸውን ተቃውሞ እንደነበር፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም በጽሑፍ አቋሙን እንደለወጠ አይዘንጋ። ሆኖም በ1980 መጀመሪያ፣ ከሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ አሜሪካ ከሞስኮ ኦሊምፒክ መቅረቷን ተቃውሟል። ስለዚህ ስለ ተቃውሞ ምልክት ሐሳቡ ሲለወጥ፣ ከውድድር ስለ መቅረት ግን አልተለወጠም። ይህ የእርሱን እምነት ያሳያል፤ የ1935ቱ የመጀመሪያ ቃሉ ስህተት እንደነበር ግን አያረጋግጥም።