ልጄ መድረክ አልወጣም አለች፤ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

የጁባዋ እናት (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ሁልጊዜ አንብቤ ብቻ ነው የምወጣው፤ ዛሬ ግን የራሴ ጉዳይ እንቅልፍ ነሳኝ።

ተወልጄ ያደግሁት ባሕር ዳር ነው። በ2015 መስከረም ላይ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር ጁባ፣ ደቡብ ሱዳን ገባን። የላከችን እዚሁ ከተማ ያለችው ቤተ ክርስቲያናችን ናት። ባለቤቴ የአጥቢያ መሪዎች በሚሠለጥኑበት ትንሽ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ያስተምራል። እኔ ከሰዓት በኋላ እናቶችን ንባብ አስተምራለሁ፤ የቀረው ጊዜዬ ከውሃ ቦቴ ሾፌር ጋር በመጨቃጨቅ ያልቃል። እሱ አንድ ቀን ከቀረ በርሜላችን ደረቀ ማለት ነው። አሁን የልጆቹ ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ለሁለት ወር አገር ቤት መጥተናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው እሁድ ባለቤቴ ሪፖርት ሲያቀርብ በፕሮጀክተር ፎቶ አሳየ። አንደኛው ፎቶ ላይ ትልቋ ልጄና የጎረቤት ጓደኛዋ ግቢያችን ውስጥ ገመድ ሲዘሉ ይታያሉ። የኔዋ ከኋላ ስለሆነች ከወገቧ በላይ ብቻ ነው የምትታየው። ጓደኛዋ ከፊት ናት፣ እስከ ባዶ እግሯ ትታያለች። ፎቶው ግድግዳው ላይ እንደወጣ ከኋላ «ውይ፣ ሲያሳዝኑ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። አጠገቤ ያሉት እናት ከንፈራቸውን መጠጡ።

ልጄ 10 ዓመቷ ነው። ወደ ጆሮዬ ተጠጋችና «እማ፣ ጫማ አላት እኮ! ለመዝለል አውልቃው ነው። እኔም አውልቄ ነበር» አለችኝ።

እኔ ምን አልኩ? «እሺ፣ ዝም በይ።»

ለሚመጣው እሁድ ደግሞ የሚሽን ኮሚቴው ልጆቹ ላዋ ለብሰው (እዚያ ትከሻ ላይ የሚቋጠር ጨርቅ ነው) በጁባ ዓረብኛ አንድ መዝሙር እንዲዘምሩ ጠየቀን። ትንሹ 5 ዓመቱ ነው፤ ከረሜላ ካገኘ ጣሪያ ላይም ወጥቶ ይዘምራል። ትልቋ ግን «አልወጣም» አለች። ለምን ስላት፣ «ጁባ የባህል ቀን ሲሆን የሐበሻ ቀሚስ አልብሳችሁ እስክስታ ምቺ ትሉኛላችሁ። እዚህ ስመጣ ደግሞ የእነሱን አልብሳችሁ ዘምሪ ትሉኛላችሁ። ዝም ብዬ የምቀመጠው መቼ ነው?»

ኮሚቴውን አልፈርድበትም። ልጆች ሲታዩ ሰው ልቡ ይነካል፣ በየወሩ ገንዘብ ለመስጠት ቃል ኪዳን የሚገባውም ይጨምራል። የምንኖረው በዚያ ነው። የቤት ኪራዩም፣ የልጆቹ ክፍያም፣ ያ ቦቴም ከዚያ ነው የሚከፈለው።

ሌላም አለ። እናቴ ዘጌ ናት፣ ኦርቶዶክስ ናት። ማክሰኞ በጀልባ ሄደን አደርን። ግቢዋ ሙሉ ቡና ተሰጥቷል፣ ልጆቹ ሲረግጡት ቆጣ ትላለች፣ ወዲያው ደግሞ ትስማቸዋለች። ትንሹ ልጄ አጠገቧ ቁጭ ብሎ «አያቴ፣ አንተ ቡና ትወዳለህ?» አላት። የጁባ ዓረብኛ ወንድና ሴት አይለይም፤ ለሁሉም «ኢታ» ነው፣ ትልቅ ሰው ትንሽ ሰው የለውም። ልጁ ደግሞ ቀኑን የሚውለው በዚያ ቋንቋ ነው። እናቴ መጀመሪያ ደነገጠች፣ ቀጥላ እስኪያነባት ሳቀች። ማታ ግን እሳቱ ዳር ሆነን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እነዚያ ሰዎች ክርስቲያኖች አይደሉም እንዴ? ምን ልታስተምሪያቸው ነው እነዚህን ልጆች ይዘሽ የሄድሽው?» አለችኝ። «ይመሻል፣ እንተኛ» ብዬ አለፍኩት።

እና ልጄን ላስገድዳት? ኮሚቴውን እምቢ ልበል? ሥራ ያልያዘ ሰው ይመልስልኝ፣ እስከ እሁድ አራት ቀን ነው ያለኝ።

የሎድዋር አባት

እህቴ፣ እኛ ሰሜን ኬንያ፣ ሎድዋር 6 ዓመት ነበርን። የቱርካናን ሙቀት ለሚያውቅ ማስረዳት አያስፈልግም፣ ለማያውቅም ማስረዳት አይቻልም።

ለእረፍት ስንመጣ በሁለት ወር ውስጥ 11 አጥቢያ ዞርን። የመጀመሪያ ልጄን በየሄድንበት አቆመው ነበር። ዮሐንስ 3፥16ን በስዋሂሊ ይላል፣ ሰው ያጨበጭባል፣ ሚሪንዳ ይሰጠዋል። አሁን 21 ዓመቱ ነው። በቀደም «ከዚያ ጊዜ ምን ትዝ ይልሃል?» ስለው «ሚሪንዳው» አለኝ። ሳቅን። ቆየት ብሎ «አባዬ፣ አንድ ቦታ ጥቅሱ ጠፋብኝና ዝም ብዬ ቁጥር ቆጠርኩ። ሞጃ፣ ምቢሊ፣ ታቱ፣ ኔ፣ ታኖ። ሁሉም አሜን አሉ» አለኝ። አሁንም ሳቅን፣ እኔ ግን ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ።

አታስገድጃት። ነገር ግን «አልወጣም» የሚለውን ቃል ለኮሚቴው እሷ እንድትናገር አታድርጊ። አንቺና ባለቤትሽ ተሸከሙላት።

ከኮሚቴ ወንበር

ልጄ፣ እኔ የሌላ ከተማ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነኝ፣ በሚሽን ኮሚቴም ከ10 ዓመት በላይ አገልግያለሁ። እዚህ ኮሚቴ ሲባል ሁሉም ፊቱን ስለሚያጠቁር ነው የምጽፈው።

እኛ ቤት እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ አንዲት እናት አለች። በየወሩ 100 ብር በፖስታ አሽጋ ታመጣለች፤ አንድ ወር አስተጓጉላ አታውቅም። ይህቺ ሴት የሒሳብ ሪፖርት ምን ያደርግላታል? የምትጸልይላቸውን ልጆች ፊት ማየት ነው የምትፈልገው። ቁጥር ብቻ ይዘን ስንወጣ ምእመኑ ሰዓቱን ነው የሚያየው። ልጅ ደግሞ እምቢ ባለ ቁጥር ከተተወ ነገ ቤተ ክርስቲያን መምጣቱንም እምቢ ይላል። ስለዚህ ቢያንስ ወጥታ ሰላም ብላ ትውረድ ባይ ነኝ።

የፎቶው ነገር ግን ሌላ ነው። እሱ ላይ ልጅቷ ልክ ናት፤ «ዝም በይ» መባል አልነበረባትም።

የወንጌላዊ ልጅ

አባቴ ከወላይታ ወደ ጎጃም የተላከ ወንጌላዊ ነበር። አገር ውስጥ ነው ትሉኝ ይሆናል፤ ለ8 ዓመት ልጅ ግን ከሶዶ ጎጃም ውጭ አገር ነው። አማርኛዬ ይሳቅበት ነበር።

ፈረንጆቹ ሚሽነሪዎች ለልጆቻቸው አዲስ አበባ ላይ ቢንግሃም የሚባል ትምህርት ቤት ነበራቸው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር 1946 ነው የተከፈተው። ወላጅ ገጠር ያገለግላል፣ ልጅ እዚያ አዳሪ ሆኖ ይማራል። የዚያም የራሱ እንባ እንዳለው ከእነሱው ሰምቻለሁ። የእኛ ሰው ግን ያ አማራጭም አልነበረው፤ ወይ ይዞ መሄድ ወይ ለአያት መተው ነው። እኔ ተወሰድኩ፣ እህቴ ሶዶ አያታችን ጋ ቀረች። ይኸው ጎልማሳ ሆነን እንኳ እኔ በእሷ እቀናለሁ፣ እሷም በእኔ።

አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽ። ሶዶ በሄድን ቁጥር የሚያስቀምጡኝ ፊት ወንበር ላይ ነበር፣ ከእንግዶች ጋር። እኔ የምፈልገው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ከአክስቴ ልጆች ጋር እየተጎነታተልኩ መቀመጥ ነበር። ልጅሽ «ዝም ብዬ የምቀመጠው መቼ ነው» ያለችው ይኸው መሰለኝ።

የዘጌ ልጅ

እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ በልጆቹ ጉዳይ አልገባም። እናትሽ የጠየቁት ግን የዋዛ ጥያቄ አይደለም።

የጣና ዳር ሰው «ሚሲዮን» ሲባል የሚያስታውሰው አለው። ኢየሱሳዊው (የካቶሊክ ማኅበር ነው) ሚሲዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ ግዕዙንም አማርኛውንም ተምሮ፣ ታግሦ ሠርቶ፣ በፈረንጅ 1622 እዚያ ማዶ ጎርጎራ ላይ ሞተ። እሱን ተከትሎ የመጣው ሜንዴዝ ግን የተጠመቀውን ሕዝብ እንደ አዲስ ላጥምቅ፣ ጾሙንና በዓሉን ልቀይር አለ። ስንት ደም ፈሰሰ። ካቶሊክ የሆነው ንጉሥ ሱስንዮስ በ1632 ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲል ለቀቀ፣ ኢየሱሳውያኑም ከአገር ተባረሩ። ክርስቲያን የሆነን ሰው ክርስቲያን ላድርግህ ማለት መዘዙ ይህ ነው። አንቺን ለመውቀስ አይደለም፤ ነገር ግን «ይመሻል፣ እንተኛ» መልስ አይሆንም።

በነገራችን ላይ እናትሽ ደግ ናቸው። የእኔ አያት ብትሆን «እርስዎ» እስኪል ድረስ ቡና ቁርሱን ትከለክለው ነበር።

የጁባዋ እናት (ጠያቂ)

@የዘጌ ልጅ፣ ቆንጥጠኸኛል፣ ግን ልክ ነህ። ትናንት ለእናቴ ደወልኩላት። የማስተምራቸው እናቶች ጸሎቱን ከእኔ በላይ ያውቁታል፣ መዝሙሩንም በቃላቸው ይሉታል። የጎደላቸው ፊደል ነው፤ በልጅነታቸው ጦርነት ነበር፣ ትምህርት ቤት አልገቡም። አንዷ ስሟን መጻፍ የቻለች ቀን ወረቀቱን አጣጥፋ ጡቷ ሥር ከትታው ነው የሄደችው። ይህን ስነግራት እናቴ ዝም አለችና «እሱስ ደግ ነው። እንዲህ ብለሽ አትነግሪኝም ነበር?» አለች። ያስታረቀን እንዳይመስልህ፤ ወዲያው «ጾም ግን ያዙ» ብላ ቀጠለች።

@የሎድዋር አባት፣ ሞጃ ምቢሊውን ለልጄ አነበብኩላት። ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ።

የጁባዋ እናት (ጠያቂ)፣ እሁድ ማታ

እንዴት ሆነ ላላችሁኝ።

አርብ ማታ የፎቶውን ዋና ቅጂ ስልኬ ላይ ፈለግሁት። ከግራ በኩል፣ ከበርሜሉ ሥር፣ ሁለት ጥንድ ጫማ አለ። አንደኛው የልጄ ሰማያዊ ሰንደል፣ ሌላኛው የጓደኛዋ ጥቁር የትምህርት ቤት ጫማ፣ ካልሲው ውስጡ ተጠቅልሎ ገብቷል። ለሪፖርቱ ስልከው ጠርዙን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ ግቢው የተዝረከረከ እንዳይመስል ብዬ።

ባለቤቴ ዛሬ ሙሉውን ፎቶ አሳየና ጫማዎቹን በጣቱ አመለከተ። ረጅም ንግግር አላደረገም፤ «ባለፈው ቆርጠን ነበር ያሳየናችሁ፣ ይቅርታ» ብሎ ወደ ሚቀጥለው አለፈ። ከንፈር የመጠጡት እናት ሲወጡ ልጄን ይዘው «እኔም በልጅነቴ ገመድ ስዘል አወልቅ ነበር» አሏት። መድረክ አልወጣችም። ሦስተኛ ረድፍ ላይ ከእኩዮቿ ጋር ተቀመጠች፤ ስብከቱን እንዳልሰማችው ከትከሻዋ እንቅስቃሴ ያስታውቅ ነበር። ትንሹ ብቻውን ወጥቶ ዘመረ። መሀል ላይ የላዋው ቋጠሮ ተፈታና ጨርቁ ወደቀ፣ እሱ ግን በቁምጣ ሆኖ መዝሙሩን ጨረሰ። ከኮሚቴው አንዱ ወንድም «ዛሬ ትንሽ ቀዘቀዘ» አለን። ቀዝቅዞም ሊሆን ይችላል። የቃል ኪዳኑ ፖስታ ስንት እንደሆነ ገና አልተቆጠረም።

ልጄ አንድ ነገር ጠየቀችኝ፤ «ጓደኛዬስ ፎቶዋ እዚህ እንደሚታይ ታውቃለች?» አታውቅም ነበር። ለእናቷ በዋትስአፕ ፎቶውን ልኬ ስንት ሰው ፊት እንደታየ ነገርኳት፣ ይቅርታም ጠየቅሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ የድምፅ መልእክት መጣ። እየሳቀች ነው። ምንም ችግር የለም፣ ግን ቀድመሽ ብትነግሪኝ ፀጉሯን እሠራላት ነበር ትላለች።

ልጄ ይህን ስትሰማ «አየሽ!» አለችና ስልኩን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። ይኸው እስካሁን በዓረብኛ ያወራሉ።