ከጃፓናዊ አባት የተወለደች ልጅ ይዞ ቶኪዮ መግባት

እህቴ፣ ባለቤትሽን ሥራው ወደ ቶኪዮ ስላዛወረው የዘጠኝ ዓመት ልጃችሁ እዚህ እንዴት እንደምትኖር ጠይቀሻል። እኔ ሁለት ልጆች እዚሁ እያሳደግኩ ነው፤ እናታቸው ጃፓናዊት ናት። የማውቀውን ልንገርሽ።

በመጀመሪያ ባልሽን ጠይቂው፦ ልጅቷ አሜሪካ ስትወለድ ለጃፓን ቆንስላ በሦስት ወር ውስጥ አስታውቋል? ውጭ ተወልዶ የዚያን አገር ዜግነት ያገኘ ልጅ፣ የጃፓን ዜግነቱ እንዲጠበቅለት በዚያ ጊዜ ውስጥ ካልተጠየቀለት ያጣዋል። ብዙ ወላጅ ይሄን የሚሰማው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። ካልተደረገም አትደንግጪ። 18 ዓመት ሳይሞላት ጃፓን ውስጥ አድራሻ ከያዘች አመልክታ መልሳ ልታገኘው ትችላለች። እንደገባችሁ ጀምሩት።

ሁለቱንም ዜግነት ይዛ ከሆነ፣ ሕጉ 20 ዓመት ሳይሞላት አንዱን እንድትመርጥ ይጠይቃል። እስከ 2022 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ገደቡ 22 ነበር። የኛም አገር ሕግ ጥምር ዜግነት አይፈቅድም፤ ግን በአንቺ በኩል የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ቢጫ ካርዱን፣ ማውጣት ትችላለች።

ወረቀቱ ያልቃል። የሚከብደው የየቀኑ ኑሮ ነው። እንደኛ ልጆች ያሉትን እዚህ «ሀፉ»፣ ግማሽ ማለት ነው፣ ይሏቸዋል። እዚሁ ተወልዳ ያደገችውን ልጄን ባቡር ውስጥ «ጃፓንኛ ትችያለሽ እንዴ!» ብለው ያደንቋታል። ክፋት የለውም፤ ግን በየሳምንቱ ሲደጋገም ልጅን ያደክማል፣ በገዛ አገሯ እንግዳ ያደርጋታል። ሩይ ሃቺሙራ አባቱ ከቤኒን ነው፤ እሱ ቅርጫት ኳስ ሲጫወት አገሩ ሁሉ «የኛ ልጅ» ይላል። በ2015 ሚስ ዩኒቨርስ ጃፓን የሆነችውን አሪያና ሚያሞቶን ግን «ጃፓናዊት አትመስልም» ያሉ ብዙ ነበሩ። አባቷ ጥቁር አሜሪካዊ ነው፣ የተወለደችው ግን እዚሁ ጃፓን፣ ሳሴቦ ከተማ ነው። ልጅን አገሯ የሚቀበላት ስታሸንፍ ብቻ መሆን የለበትም።

ጸጉር ላይ በደንብ ተዘጋጂ። በ2023 ሂሜጂ ከተማ ውስጥ ሹሩባ ተሠርቶ ምረቃው ላይ የመጣ ተማሪ ከጓደኞቹ ተነጥሎ ፎቅ ላይ እንዲቀመጥ ተደርጓል። የሱም አባት ጥቁር አሜሪካዊ ነው። አንዳንድ ትምህርት ቤት ደንቡ ላልቷል፣ አንዳንዱ ጋ ገና ነው። ስለዚህ የትምህርት ዘመኑ ኤፕሪል ላይ ሳይጀመር ከባልሽ ጋር ሆናችሁ መምህሯን አግኙ። ጸጉሯ ተፈጥሮዋ እንደሆነ፣ የሚያዘውም ተሠርቶ እንደሆነ በግልጽ ንገሩ። እኛ እንዲህ አድርገን አንድም ቀን ችግር አልገጠመንም። የጸጉር ቅባቷን ከዚያው በርከት አድርገሽ ያዢ፤ እዚህ በየሱቁ አይገኝም።

ለልጅሽ ደግሞ መልስ አስይዣት። «ከየት ነሽ?» ሲሏት የምትኖርበትን ሰፈር ትናገር፤ የእናትና የአባቷን አገር ለማን እንደምትነግር እሷ ትምረጥ። የኔዋ ይሄን ካወቀች ወዲህ ትከሻዋ ቀና ብሏል። ግማሽ ነሽ የሚላትን አትስማ፤ ሙሉ ጃፓናዊት ናት፣ ሙሉ ሐበሻም ናት። ይሄን ከአባቷ አፍ በጃፓንኛ ትስማው፤ ካንቺ ብቻ ከሆነ አይበቃም።

ቤት ስትፈልጉ ካትሱሺካ ወረዳን እዩት። ዮትሱጊ አካባቢ ሐበሻ ሰብሰብ ብሎ ይኖራል፤ ልጅሽ እሷን የሚመስሉ ልጆች ታገኛለች። የቆንስላውን ነገር ባልሽ ሲያጣራ እዚሁ ጻፊልኝ፣ ቀጥሎ የሚያስፈልገውን ወረቀት እነግርሻለሁ።