ቡና በጨውና በቅቤ፣ ጨጓራ በሐሞት፦ የአያቶቻችን ገበታ ተመልሶ ይምጣን?

አወያይ፦ ለዛሬ ክርክር የቀረበው ጥያቄ ይህ ነው። አያቶቻችን ይመገቧቸው የነበሩ፣ የዛሬው ወጣት ግን ስማቸውን ሲሰማ ፊቱን የሚያጨማድድባቸው ምግቦች አሉ። ጨውና ቅቤ የገባበት ቡና፣ ሐሞት የተንጠባጠበበት ጥሬ ጨጓራ፣ ጓያ ከሚባለው ጥራጥሬ የሚሠራ ንፍሮ ለአብነት ይጠቀሳሉ። እነዚህ በባህል ምግብ ቤቶችና በምግብ አሠራር መጻሕፍት ከክትፎና ከዶሮ ወጥ ጎን ቦታ ይሰጣቸው ወይስ እንደቀሩ ይቅሩ? ምክንያታችሁን እንድታቀርቡ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የወሎ ልጅ፦ ቦታ ይሰጣቸው ከሚሉት ወገን ነኝ፤ የምጀምረውም ከቡናው ነው። ወንጂ በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት እስኪጀምር ድረስ ስኳር ለገጠሩ ሰው ብርቅ ነበር። ጨው ግን በየገበያው ይገኝ ነበር፤ ይገኝ ነበር ስል ግን ርካሽ ነበር ማለቴ አይደለም። ከአፋር በረሃ ተቆርጦ በግመልና በበቅሎ ወደ ደጋው ይወጣ የነበረው አሞሌ ለብዙ ዘመን እንደ ገንዘብ ሲያገለግል ኖሯል። ለእንግዳዋ ቡና ጨው የምትጨምር እመቤት ከመገበያያዋ ላይ ሸርፋ የምትሰጥ ነበረች፤ ቅቤውንም ብትሸጠው ዋጋ የሚያወጣላት ሀብቷ ነበር። በቦረና የቡናው ፍሬ ከነገለፈቱ በቅቤ ተጠብሶ በክብር ሥርዓት ላይ ይቀርባል፤ ያም ቢሆን ለአዲስ አበባ ልጅ ሲነገረው ቀልድ ይመስለዋል። ምላሳችን በስኳር ስላደገ ብቻ የአክብሮት መስተንግዶ የነበረውን ነገር «የሚያስጠላ ቅይጥ» ብለን መጥራታችን ፍርደ ገምድልነት ነው።

ነርሷ፦ ወንድሜ፣ ስለ ቡናው የተናገሩትን አልቃወምም፤ የደም ግፊት ያለበት ሰው ከጨዉ ይጠንቀቅ ከማለት በቀር የምጨምረው የለኝም። የእኔ ጥያቄ ያለው ጥሬው ላይ ነው። የኮሶ ትል ዕጭ በበሬው ሥጋ ውስጥ ስለሚኖር ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሰው ትሉን አብሮ ወደ አንጀቱ ያስገባል፤ ጥሬ ጨጓራ ደግሞ የእንስሳው የምግብ መፍጫ አካል ስለሆነ የሚያስከትለው አደጋ የተቅማጥ ተሕዋስያን ነው። አያቶቻችን የመጀመሪያውን አደጋ በሚገባ ያውቁት ነበር፤ ስለዚህም በየሁለት ወሩ ገደማ የኮሶ ዛፍ አበባ አስወቅጠው፣ በውኃ ወይም በጠላ በጥብጠው በባዶ ሆድ ይጠጡ ነበር። የኮሶውን ምሬት የቀመሰ ሰው፣ ቀኑን ሙሉም የሚያመጣውን ሆድ ቁርጠትና ተቅማጥ ያየ ሰው፣ ጥሬ ሥጋው በነጻ የተገኘ ደስታ እንዳልነበረ ይመሰክራል። እንግዲህ ጥሬውን ወደ ገበታ እንመልስ የሚሉ ወገኖች ኮሶውንም አብረው ሊመልሱ ነው? የገበታው አንድ ግማሽ ብቻ ተመርጦ «ባህል» ሲባል ዝም ማለት አልችልም።

ምግብ አብሳዩ፦ እህቴ የተናገሩትን ከሙያዬ አንጻር ልደግፍ፤ ምክንያቴ ግን ሌላ ነው። ጨጓራ በሐሞት የምግብ ቤት ምግብ ሆኖ አያውቅም። በሬው በግቢ ውስጥ ታርዶ፣ ሐሞቱ ከጉበቱ ላይ እንዳይፈስ በጥንቃቄ ተለይቶ፣ ጨጓራው በሚገባ ታጥቦና ተከትፎ፣ ሙቀቱ ሳይለቅ ጥቂት ጠብታ ሐሞትና ሚጥሚጣ ተደርጎበት ቢላዋ በያዙት ሰዎች የሚበላ የዕርድ ቦታ ቅምሻ ነበር። ዛሬ ከቄራ ወጥቶ በመኪና ተጭኖ ከሰዓታት በኋላ ወደ ማእድ ቤት የሚገባ ጨጓራ ያ ምግብ አይደለም፤ ስሙን ብቻ የያዘ ሌላ ነገር ነው። በዋጋ ዝርዝር ላይ ያሰፈረ ሰው ደንበኛውን ያታልላል እላለሁ። ዱለትን በትንሹ አብስሎ ማቅረብ የተለመደው ያለ ምክንያት አይደለም።

ከቨርጂኒያ፦ እዚህ አሜሪካ በኖርኩበት ዘመን የታዘብኩትን ላንሣ። አሜሪካውያን በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በራሳቸው አቆጣጠር የሎሚ ጣዕም ባለው ጄሎ በሚባል የሚረጋ ጣፋጭ ውስጥ ቱና፣ ጥሬ ጎመን፣ የወይራ ፍሬና ማዮኔዝ አርግተው ለእንግዳ ያቀርቡ ነበር፤ የጄሎ አምራቹም ለዚሁ ሲል የሴለሪና የቲማቲም ጣዕም ያላቸውን ዓይነቶች ለገበያ አውጥቶ ነበር። ጄሎ የሚረጋው በቅዝቃዜ ስለሆነ ያንን የሚንቀጠቀጥ ሰላጣ ማቅረብ በቤት ውስጥ ማቀዝቀዣ መኖሩን ማሳያም ነበር። የዛሬ ልጆቻቸው ይስቁበታል። ሊስቁ የቻሉት ግን አሠራሩ በየኩባንያው ቡክሌትና በየእናቶቻቸው የወጥ ቤት ካርድ ላይ ተጽፎ ስላገኙት ነው። የእኛው በቃል ብቻ ስለተላለፈ የምንስቅበት እንኳ ሳይተርፈን ሊጠፋ ነው። አንድ ነገር በቅንፍ ልጨምር፤ እዚሁ አሜሪካ ቅቤ የገባበት ቡና ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የጤና ፋሽን ሆኖ በውድ ሲሸጥ፣ መነሻው የቲቤት የቅቤ ሻይ ነው ተብሎ ሲነገር ሰምቻለሁ፤ የጎንደርንና የከፋን ስም ግን ማንም አላነሣም።

የደላንታው መምህር፦ ልጆቼ፣ ክርክሩ ስለ ጣዕም ብቻ ሲሆን ስለ ረኃቡ መናገር ግዴታዬ ሆነ። ጓያን ከቡናና ከጨጓራ ጋር በአንድ ዝርዝር ማስፈር ስሕተት ነው። ጓያ ድርቅንም ውኃ የተኛበትን መሬትም ስለሚችል ሌላው እህል ሲከዳ የሚተርፍ ነው፤ ለወራት ጓያ ብቻ የበላ ሰው ግን በውስጡ ባለው መርዝ እግሩ ይሰበራል፤ ከዚያም በኋላ አይድንም። በ1960ዎቹ መጨረሻ በደንቢያና በፎገራ፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ ደግሞ በእኛው በደላንታና በዳውንት ብዙ ሰው፣ ይልቁንም ጎልማሳ ወንዱ፣ በዚህ ሽባ ሆኗል። የጓያን ንፍሮ የበላ ሰው ሌላ ምርጫ ቢኖረው ኖሮ አይበላውም ነበር፤ ስለዚህ በባህል ምግብነት እንዲከበር አልፈቅድም።

የወሎ ልጅ፦ መምህር፣ ንግግርዎን በአክብሮት ተቀብያለሁ፤ ይሁንና ጓያ ዛሬም ይዘራል፤ በሽሮ ውስጥም ተቀላቅሎ በየገበያው ይሸጣል። እናቶቻችን ጓያውን ዘፍዝፈው ውኃውን ይደፉ እንደነበር፣ ከሌላ እህል ጋር እንጂ ለብቻው እንዳይበላ ይመክሩ እንደነበር በምግብ አሠራር መጽሐፉ ካልተጻፈ፣ እህሉ ኖሮ ጥንቃቄው ሊጠፋ አይደለምን?

የደላንታው መምህር፦ እንዲህ ከሆነ ይጻፍ። ነገር ግን ከወጦች ተራ ሳይሆን ለብቻው፣ የተሰበሩት ሰዎች ነገር ከአሠራሩ በፊት ቀድሞ ይጻፍ። ወጣቱ መጀመሪያ ያንን ያንብብ።

ምግብ አብሳዩ፦ የቡናው አጻጻፍም ቢሆን ቀላል አይሆንም። ጨዉን ጀበናው ውስጥ የሚጨምር አገር አለ፤ በሲኒው ላይ የሚጨምርም አለ፤ ቅቤው የተነጠረ ይሁን ለጋ በሚለውም ሰው አይስማማም። አንዱን መርጦ «የኢትዮጵያ አሠራር» ማለት ሌላውን መደምሰስ ስለሚሆን የየአገሩ ስም ይጠቀስ።

ከቨርጂኒያ፦ ነርሷ እህታችንን አንድ ነገር ልጠይቅ። ጥሬ ሥጋና ኮሶ አይነጣጠሉም ካሉ የኮሶው አሠራርስ በመጽሐፉ ይግባ ይላሉ?

ነርሷ፦ ታሪኩ ይግባ፣ መጠኑ ግን አይግባ። የአበባው ኃይል ከዛፍ ዛፍ ስለሚለያይና ከልክ ያለፈ ኮሶ ሰውን ስለሚጎዳ በማንኪያ ለክቼ ለማንም አልጽፍም። ትል ያለበት ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ በሐኪም ትእዛዝ መድኃኒት ይውሰድ፤ ጥሬ ሥጋው የሚጻፍበት ገጽ ላይም ይኸው ይጻፍልኝ።