የጋራ ፕሮፖዛል፦ የማቅለሚያ ፍሳሽን በኤሌክትሪክ ማጣራት (የዕቅድ ውይይት)

ጸሐፊ፦ ጤና ይስጥልኝ። ረቂቁ ዓርብ ይዘጋል። ሐሳቡ ይኼ ነው፦ ሁለት የብረት ሳህኖች ፍሳሹ ውስጥ ገብተው ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ የሚፈስ) ኮረንት ይለቀቅባቸዋል። አኖዱ (ፖዘቲቩ ሳህን) እየሟሟ ብረት ይለቅቃል፤ ብረቱ ቀለሙን ይዞ ይረጋል፣ ከፊሉም በካቶዱ (በኔጋቲቩ ሳህን) የሃይድሮጅን አረፋ ተገፍቶ ይንሳፈፋል። ግባችን «ውሃውን ንጹሕ ማድረግ» ይላል። አስተያየት?

ኬሚስቷ፦ «ንጹሕ» ይውጣልኝ። ቀለሙ ለቀቀ ማለት ውሃው ጸዳ ማለት አይደለም። ቢከሩ (የላብራቶሪ ብርጭቆው) ውስጥ ያለው ሰማያዊ ውሃ ጥርት ሲል ሁሉም ሰው ያጨበጭባል፤ ሲኦዲው (COD፣ ውሃው ውስጥ ያለውን ብክለት በኬሚካል ለማቃጠል የሚያስፈልገው የኦክስጅን መጠን) ግን ገና ከፍ ያለ ሊሆን ይችላል። እሱንም እንለካ።

ኤሌክትሪሺያኑ፦ ሳህን ከመቀያየር በግራፋይት (እርሳስ ውስጥ ባለው ዓይነት ካርቦን) ብናደርገውስ? ገንዘብ ይተርፋል።

ኬሚስቷ፦ ወንድሜ፣ ግራፋይት እንደ ብረት አይሟሟም። ቀለሙን የሚይዘው ደግሞ የሟሟው ብረት ነው። የጨርቅ ማቅለሚያ ፍሳሽ ጨው ይበዛዋል፤ ለኮረንቱ ጥሩ ነው፣ ግን በግራፋይት አኖድ ላይ ክሎሪን ይወጣል። ክሎሪኑ ቀለሙን ያነጣዋል፣ አብሮም ክሎሪን ያዘሉ ኦርጋኒክ ውህዶች ሊፈጥር ይችላል። ለመጀመሪያ ሥራ አይሆንም።

ከቡና ማጠቢያ የመጣ አባል፦ ይቅርታ፣ እኔ አልገባኝም። ጅማ ቁጭ ብለን ስለ ጨርቅ ቀለም? እኛን ያስቸገረን የቡና እጣቢ ነው።

ኬሚስቷ፦ ልክ ነው ጋሼ። ግን የቡና እጣቢ አሲዳማ ነው፣ የሟሟ ስኳርም ሞልቶታል። ይህ ዘዴ ዝቃጩንና ቀለሙን ይይዛል፤ ስኳሩ ግን አብዛኛው ውሃው ውስጥ ይቀራል። እሱን ባክቴሪያ ቢበላው ይሻላል። ደግሞ እጣቢው የሚመጣው በቡና ወቅት ብቻ ነው። በማቅለሚያው እጃችንን እናፍታታ፣ ቡናውን በሁለተኛው ምዕራፍ እንጻፈው።

ከቡና ማጠቢያ የመጣ አባል፦ ይጻፍልኝ እንጂ አይረሳ!

ኤሌክትሪሺያኑ፦ እሺ፣ ብረት ይሁን። ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ። በ5 አምፔር 1 ሰዓት ብንለቅ 5.2 ግራም ያህል ብረት ይሟሟል። በ10 ቮልት 50 ዋት-ሰዓት ነው፣ ለ20 ሊትር ጀሪካን። የመብራቱ ወጪ አያስፈራም። ሳህኑ ንብርብር እንዳይዝም ፖላሪቲውን (ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን) በየተወሰነ ደቂቃ እገለብጣለሁ።

ኬሚስቷ፦ የሚያስፈራው ዝቃጩ ነው። መጀመሪያ አረንጓዴ ይሆናል፣ አየር ሲነካው ይቀላል። ከጀሪካን አንዱ፣ ደርቆ፣ ብረቱ ብቻ ወደ 10 ግራም ይሰጣል፤ ቀለሙ ሲጨመር ከዚያ በላይ ነው። እርጥቡ ደግሞ ብዙ እጥፍ ነው። 50 ጀሪካን ሲሆን አስቡት። በጀቱ ላይ አንድም ሳንቲም አልተያዘለትም! አዌቱ ወንዝ ላይ ከምንደፋው ባንጀምር ይሻላል።

ኤሌክትሪሺያኑ፦ እሱንስ ልክ ነሽ። ክፍሉም በደንብ አየር የሚገባው ይሁን፤ ሃይድሮጅን ቀልድ አያውቅም።

ጸሐፊ፦ እንግዲህ ግባችን እንዲህ ይነበብ፦ «የማቅለሚያ ፍሳሽን ቀለምና ሲኦዲ በብረት ኤሌክትሮድ መቀነስ፣ የሚወጣውንም ዝቃጭ መዝኖ በጥንቃቄ ማስወገድ።» ቡናው ምዕራፍ 2 ገብቷል። የዝቃጭ ማድረቂያ ወለል በበጀቱ ላይ ተጨምሯል። የሚቀረው ቦታው ነው። ጣሪያ ያለው፣ ዝናብ የማያጥበው ግቢ ያላችሁ፣ እስከ ሐሙስ ማታ ንገሩኝ።